ስም ጥሪ በመስከረም

(ቤቴል፣ በጳጉሜን፣ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



በጳጉሜን ሰው መሰብሰብ ድፍረት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቤት ይጸዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ከበዓሉ ወጪ ጎን ደግሞ የደብተሩ፣ የቦርሳውና የጫማው ወጪ ተሰልፎ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ትታችሁ መጥታችኋልና ጊዜያችሁን በመግቢያ አላባክንም። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የወጣው ከዚያ ታሪክ ነው።

አንደኛ ክፍል ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ትምህርት ከተጀመረ ሳምንት ሆኖታል። የስም መጥሪያውን ስመለከት በአንድ ልጅ ስም ትይዩ አምስት የቀሪ ምልክት ተደርድሯል። ተመዝግቧል፣ ግን አንድም ቀን አልመጣም። ወላጅ እንዲጠራ አደረግሁ። በማግስቱ እናቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«ልጅዎ ለምን ቀረ?» አልኳቸው።

«ኧረ ቲቸር! እኔው በየቀኑ በር ድረስ አድርሼው አይደል የምመለሰው?» አሉኝ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

ሁለታችንም ደንግጠን ወደ ክፍል ገባን። ልጁ በግድግዳው በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጧል። አምስቱንም ቀን እዚያው ተቀምጦ ነበር። ቤት ውስጥ የሚጠራው «ማሙሽ» እየተባለ ነው፤ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈውን ስም ሰምቶት አያውቅም ማለት ይቻላል። እኔ ያንን ስም በየጠዋቱ እጠራለሁ፤ እሱም «ያ ልጅ ማን ይሆን?» ብሎ ከሌሎቹ ጋር ዘወር ዘወር እያለ ይፈልጋል። «አቤት» የሚል ሲጠፋ ቀሪ ብዬ አልፋለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ልጆቹ ብዙ ነበሩ ብል ውሸት አይሆንም፤ ሆኖም አምስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ የተቀመጠን ልጅ «አንተስ ማን ትባላለህ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ልጁ መጥቶ ነበር፤ የሚቀበለው አላገኘም። ከዚያ ወዲህ መስከረም በመጣ ቁጥር ያ ግድግዳና ያ ዴስክ ይታዩኛል።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራው። በአገራችን ለአንደኛ ደረጃ ለረጅም ዘመን የተያዘው ልክ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። መምህሩ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ዓይኑን አይቶ፣ ጠዋት ማን እንዳመጣው ሰምቶ ቢያልፍ፣ ደወሉ ሲደወል ገና 10 ልጅ ይቀረዋል። እነዚያ አሥሩ ብዙውን ጊዜ ዝምተኞቹ ናቸው። የሚያለቅሰውን ልጅ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚረብሸው በመጀመሪያው ቀን ስሙ ይታወቃል። ዝም ያለው ነው የሚያመልጠን።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትልቁ ሥራ ፊደል ማስቆጠር ወይም መደመር ማስተማር አይመስለኝም። ትልቁ ሥራ፣ በግቢው ውስጥ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው እንዲኖር ማድረግ ነው። መምህሩ ሊሆን ይችላል። የበሩ ጥበቃ፣ ምግብ የምታቀርበው እናት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሊሆኑም ይችላሉ። ባልደረቦቼ «መጽሐፉ ረጅም ነው፣ ምዕራፉ አያልቅልንም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ያልታወቀ ልጅ በጥቅምት መቅረት ይጀምራል፣ በጥር ያቋርጣል፤ ለእሱ ምዕራፉ አለቀ አላለቀ ምን ይሠራለታል?

የምንኖርበትን ሰፈር ስም ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከጦር ኃይሎች ወደዚህ የሚመጣው ታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ ሲጠራው ስለሚውል ጆሯችን ለምዶታል። ቤቴል የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ስሙን ያወጣው ያዕቆብ ነው። ያዕቆብ በዚያች ሌሊት ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ብቻውን፣ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረ መንገደኛ ነበር። ቦታውን ቤት ያሰኘው ጣሪያ ወይም ግድግዳ አይደለም፤ ብቻውን እንዳልሆነ ያወቀበት ቦታ ስለሆነ ነው። እንግዲህ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ብቻውን ሜዳ ላይ የቆመ የሰባት ዓመት ልጅ አስቡ። ቦርሳው ከጀርባው ይሰፋል። ጫማው ከቁልቁለቱ ጭቃ የተረፈ ነው። ከፊቱ ወጨጫ ተራራ ከክረምቱ ደመና ወጥቶ ይታያል፣ በአጥሩ ሥር አደይ አበባ ፈክቷል፤ እሱ ግን አንዱንም አያይም። የሚያየው የእናቱን ጀርባ ነው።

ዛሬ ትምህርት ቤት የምንለውን ቀደምቶቻችን «ተማሪ ቤት» ይሉት ነበር። ሁለቱ ስሞች አንድ አይደሉም። አንደኛው ትምህርቱ የሚኖርበት ቤት ነው፤ ሁለተኛው ተማሪው የሚኖርበት። እኔ የድሮው ስም ይበልጥብኛል።

በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ከዛፍ ሥር የኔታ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ የኔታ አንድ ናቸው። ታዲያ እንዴት ይዳረስ ነበር? ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥራል፤ ታላቁ የታናሹን ጣት ይዞ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ያስኬደዋል። በመድረሳውም እንዲሁ ነው፤ ልጁ የእንጨት ሰሌዳውን ይዞ ይመጣል፣ ታላቁ ታናሹን ያስቀራል። ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚመግበው መንደሩ ነበር። የሚሰጡት ሴቶች ራሳቸው ማንበብ አይችሉም። ግን ተማሪው የመንደሩ ተማሪ ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ዱላውም፣ ውሻውም፣ ረሃቡም እንደነበሩ አልረሳሁም፤ እሱ እንዲመለስ አልመኝም። ታላቁ ታናሹን መያዙ፣ መንደሩም ተማሪውን ማወቁ ግን ሊጠፋ የማይገባው ነበር።

የመጀመሪያው የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤት በዳግማዊ ምኒልክ ስም በ1900 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተከፈተ። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ የቤተ ክህነቱን ሥጋት ለማብረድ ንጉሠ ነገሥቱ ያገኙት ዘዴ ነው። በ1917 ተፈሪ መኮንን፣ በ1923 ለሴቶች ልጆች እቴጌ መነን ተከተሉ። ያመጡት በረከት ተቆጥሮ አያልቅም፤ እኔም የዚያ በረከት ልጅ ነኝ። ከእነሱ ጋር ግን አጥርና ደወል መጡ። ሰዓቱ ተለየ፣ ልብሱ ተለየ፣ ቋንቋውም ከፊሉ ተለየ። መንደሩ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። «ልጄን መንግሥት ያስተምርልኛል» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ይህ ርቀት እስከ ዛሬ በቋንቋችን ውስጥ አለ። «ወላጅ አምጣ!» የሚለውን ስንሰማ ምን ይሰማናል? ቅጣት ነው። ልጁ መስኮት ሰብሯል፣ ወይም ተደባድቧል፣ ወይም አርፍዷል። ወላጅ የሚለው ቃል በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ማስፈራሪያ ሆኗል። ዕቃ ሳይጠፋ፣ ሳይሰበር፣ መዋጮ ሳይጠየቅ ወላጅ ወደ ግቢው የሚገባበት ቀን ስንት ነው? የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲሳተፍ በር ከፍቷል፤ የወላጅና የመምህር ኅብረትም በየትምህርት ቤቱ አለ። ኅብረቱን ግን ለጣሪያና ለአጥር ብቻ ስንጠራው ኖረናል። ጣሪያው ያስፈልጋል፤ አልተቃወምኩም። የልጁ ስም ጉዳይ ግን በአጀንዳ ተይዞ አይቼ አላውቅም።

በቅርብ ዓመታት አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል፣ በቂ ክብር የሰጠነው አይመስለኝም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማደል ጀመረ፤ የቁርስና የምሳ ምገባውም ተስፋፋ። ስለ ምግቡ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ መጋቢዎቹ ልናገር። እነዚህ እናቶች የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። ገና ሳይነጋ እሳት ያያይዛሉ፤ ልጁ ሲመጣ ሰሃኑን ይዞ በፊታቸው ያልፋል፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየቀኑ። እኔ በ50 ልጆች ፊት ስቆም የማላየውን እነሱ አንድ በአንድ ያያሉ። ማን እንደማይበላ ያውቃሉ። ማን ከዳቦው ግማሹን ለታናሹ በኪሱ እንደሚከት ያውቃሉ። አንድ ጊዜ አንዷ እናት ጠርታ «ቲቸር፣ ያቺ ባለ ቢጫ ሹራቧ ልጅ ሦስት ቀን ሆናት አልቀመሰችም» አለችኝ። የልጅቷ እናት ታማ ተኝታ ኖሯል። የእኔ መዝገብ ግን ሦስቱንም ቀን «ተገኝታለች» ይላል። መገኘትና መታወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከመጋቢዋ ተማርኩ። ከመቶ ዓመት በላይ ከአጥሩ ውጭ የቆመው መንደር በወጥ ቤቱ በር ተመልሶ ገባ ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

የኮሮናን ዘመን ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 መስከረም ጠባ፣ አበባው ወጣ፣ ደወሉ ግን አልተደወለም፤ ትምህርት የተከፈተው ከጥቅምት ወዲህ በየተራ ነው። በዚያ ዓመት የመጡት አንደኛ ክፍሎች ከዓይናቸው በታች በጭምብል ተሸፍነው ነበር። ተራርቀው ተቀመጡ፣ ከፊሎቹ በፈረቃ መጡ። ስማቸውን ከፊታቸው ጋር ማገናኘት አቃተኝ። ዓመቱ ሊጋመስ ሲል አንዷ ውኃ ለመጠጣት ጭምብሏን ዝቅ ስታደርግ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በአዲስ መተካታቸውን አየሁ። ልጅ ጥርሱ ሲነቀል ለሰው ሁሉ ከፍቶ ያሳያል፤ ያቺ ልጅ ለማንም ሳታሳይ አዲሱ በቅሎ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ለእኔ ያን ዓመት ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የቤቴል ሰው ሰውን መቀበል አያውቅም የሚል ካለ አገራችንን አያውቅም። መስከረም 1 ቀን ልጆቻችን የአበባ ሥዕል ይዘው፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ እየጨፈሩ በየበሩ ሲዞሩ ምን እንላቸዋለን? «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» እንላለን። ጥያቄው በር ላይ ይጠየቃል፣ መልሱ ሳንቲም ከመሰጠቱ በፊት ይሰማል። «የእነ እገሌ ናት፣ ያቺ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት» ይባላል። ልጅቷ በዚያች ጠዋት በሰፈሩ መዝገብ ላይ ትሰፍራለች። ሳምንት ሳይሞላ ያችኑ ልጅ «የማን ነሽ?» የሚላት ወደሌለበት ግቢ እናስገባታለን።

ዕድራችንንስ ተመልከቱ። ድንኳኑ፣ ሳህኑ፣ ወንበሩ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ሰብሳቢ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ለቀረ መቀጮ አለው። ሰው ሲሞት ማንም ማንንም አይለምንም፤ ጥሩምባው ከተነፋ የሃይማኖትና የብሔር ልዩነት ሳይጠየቅ ሁሉም ይወጣል። ይህን የሠራ ሕዝብ ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ልጅ ሲጀምርም መውጣት ይችላል። የዕድር ሰብሳቢዎች እዚህ ስላላችሁ በግልጽ እጠይቃችኋለሁ፦ ትምህርት በሚከፈትበት ዕለት ከየዕድሩ አራት አምስት ሰው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቁም። ንግግር አያስፈልግም፣ ድንኳን አያስፈልግም። ልጆቹን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚቀበል፣ እናቱ ወደ ሥራ የምትጣደፍበትን ልጅ እጁን ይዞ እስከ ሰልፉ የሚያደርስ ሰው ነው የሚያስፈልገው። በቀን ሥራ የምታድር እናት አንዲት ጠዋት ብትቀር የቀኑን እንጀራ ታጣለች፤ ልጇን ለማታውቀው ሰው አትሰጥም፣ ለዕድርተኛዋ ግን ትሰጣለች።

ሌላውም ዓለም ይህን ቀን እንደ ዋዛ አያሳልፈውም። በጀርመን አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ እንደ ጥሩምባ የሾለ ትልቅ የካርቶን ቀንድ፣ ጣፋጭና እርሳስ ተሞልቶ፣ ተሸክሞ ይሄዳል። በጃፓን ዓመቱ የሚከፈተው በእኛ መጋቢት ማብቂያ ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች የ6ኛ ክፍል ልጆች የአዲሶቹን እጅ ይዘው ወደ አዳራሹ ያስገቧቸዋል። ጣፋጩ ይቆየን፤ ሁለተኛውን ግን እኛ ከየኔታ ዘመን ጀምሮ እናውቀዋለን። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሆኗል፤ 7ኛና 8ኛ ለብቻቸው ወጥተዋል። እንግዲህ የግቢው ታላቆች የ6ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ የ6ኛ ክፍል ልጅ አንድ አንደኛ ክፍል ቢሰጠው፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የውኃውን ቧንቧ፣ ክፍሉን ቢያሳየው፣ በእረፍት ሰዓት ቢፈልገው፣ ሁለቱም ያድጋሉ። ክፍል ውስጥ የሚያስቸግረኝን ልጅ ሆን ብዬ ትንሽ ልጅ አስይዤው አውቃለሁ። የኃላፊነት ስሜቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥፍሩን ቆርጦ መጣ፣ «የእኔ ተማሪ» ይለው ጀመር።

ስለ አንድ ሌላ ልጅም ላንሳ፤ መሸኛ ይዞ ስለሚመጣው። ከተማችን እየተነቃነቀች ነው። የቤት ኪራይ ሲጨምር ቤተሰብ ከሰፈር ሰፈር ይነሳል፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከመሀል ከተማ የተነሱ ብዙዎች ወደ ዳር ተሻግረዋል። አራተኛ ክፍል ላይ አዲስ የሚሆን ልጅ ከአንደኛ ክፍሉ ይልቅ ይከብደዋል፤ አንደኛ ክፍሎች ሁሉም አዲስ ናቸው፣ እሱ ብቻውን ነው አዲስ። የድሮ ጓደኞቹ ተበትነዋል፣ ኳስ የሚጫወቱት ቡድናቸውን ከዓምና ጀምሮ አውቀው ጨርሰዋል። ለዚህ ልጅ የክፍል አለቃው በመጀመሪያው ቀን ቦታ ቢለቅለት ግማሽ መንገድ ሄደናል። ሚኒሚዲያውም በሰልፍ ሰዓት የመጡትን በስማቸው ቢያስተዋውቅ ምንም አይፈጅበትም።

ወላጆች፣ ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት አታዘግዩ። «ከመስቀል በኋላ ይጀምራል» የሚባል ልማድ አለን። ኮልፌና አካባቢው የጉራጌ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩበት ስለሆነ ለመስቀል አገር ቤት መግባት ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያ ጉዞ ለልጁ ሌላ ትልቅ ትምህርት ነው፣ አልከለክልም። ነገር ግን ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት ልጁ ይምጣ፤ ቦታውን ይያዝ፣ ጓደኛ ያግኝ፣ ስንብቱንም «ለመስቀል ልሄድ ነው» ብሎ ይናገር። ሲመለስ የሚጠብቀው ሰው ይኖረዋል። ሁሉም ተዋውቆ ከጨረሰ በኋላ የሚገባ ልጅ ግን በሩን ሲከፍት 49 ፊት ዘወር ብሎ ያየዋል።

ወደ ማሙሽ ልመለስ። ያን ዕለት እናቱ ከጎኔ ቆመው በቤት ስሙ ጠሩት። «አቤት» አለ። ቀጥዬ እኔ በመዝገብ ስሙ ጠራሁት፤ ዝም አለ። እናቱ ተንበርክከው «ይሄም እኮ አንተ ነህ» አሉት። እንደገና ጠራሁት። እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ በቀስታም «አቤት» አለ። የቀሪ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው።

የቀሩን የጳጉሜን ቀናት ጥቂት ናቸው። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን በመዝገብ ስማቸው ጥሯቸው። የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ጨምረው እንዲሉት አድርጉ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ናትናኤል፣ አራት ኢክራም ሊኖር ይችላል። ማሙሽና ሚሚ ቤት ይቆዩ፣ አይጠፉም።

ደወሉ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሩ ላይ እቆማለሁ።